ውኃ ዳር የሚጠብቀው ወዳጅ

ውቅያኖስ በሚያዋስናቸው አገሮች ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሰውየው ረጅም ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ወደ ባሕሩ ይገባል። ትልቅ ማዕበል እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲመጣም በሰሌዳው ላይ ይቆምና ማዕበሉን እንደ ፈረስ እየጋለበ ወደ ዳር ይመለሳል። ዳር ላይ ደግሞ ውሻው አለ። ባለቤቱ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ውሻው አሸዋው ላይ ሆኖ ዓይኑን ከባሕሩ አይነቅልም። ሲመለስ ያየው እንደሆነ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይቀበለዋል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሀንቲንግተን ቢች በምትባል ከተማ፣ ውሾቹ ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡበት ውድድር እስከ መዘጋጀት ተደርሷል።

እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለንም። ማዕበል የሚጋልብ ጎረምሳም ሆነ ባሕር የሚናፍቅ ውሻ በሰፈራችን አናውቅም። ታዲያ ሰው ወደ ውኃ ሲገባ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው እንስሳ በአገራችን የለም ማለት ነው? አለ። እሱን ለማየት ግን ወደ ባሕር ሳይሆን ውኃ ወደሚጠፋበት ምድር መሄድ ያስፈልጋል። እስቲ ከእኛ ጋር ወደ ቦረና ቆላ፣ ወደ አሬሮ እንውረድ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን፣ ዲላንና ቡሌ ሆራን አልፋችሁ ስትወርዱ የምድሩ መልክ ቀስ በቀስ ይለወጣል። እንሰቱና ቡናው ወደ ኋላ ይቀራል። አፈሩ ይቀላል፣ ግራሩ ይበዛል፣ እንደ ሰው የቆሙ ኩይሳዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያሉ። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዛችሁ በኋላ ያቤሎ ትደርሳላችሁ። ከዚህ ወደ ደቡብ የሚቀጥለው አስፋልት በዱብሉቅና በሜጋ በኩል አድርጎ ሞያሌ ያደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ በአሬሮ በኩል አልፎ ዳዋን ተሻግሮ ወደ ነጌሌ ቦረና ይሄዳል።

አሬሮ በቆላው መካከል የጽድ ደን ያላት፣ በቦረናዎች ዘንድ የከበረች ምድር ናት። ባዳሳ በሚባለው ሥፍራዋ ላይ በየ8 ዓመቱ የገዳ ሥልጣን ርክክብ ይፈጸማል። በ2017 ዓ.ም. አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣናቸውን ለአባ ገዳ ጉዮ ቦሩ ያስረከቡት እዚሁ ነው። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው በ2009 ዓ.ም. እንደሆነ ታስታውሱ ይሆናል። የሕዝቡ ሕግ የሚመከርበት ታላቁ ጉባኤ ደግሞ ጉሚ ጋዮ ይባላል። ጋዮ የሥፍራ ስም ነው፤ የታወቁ የውኃ ጉድጓዶች ያሉበት ሥፍራ። ሕዝቡ ለሕጉ ጉባኤ መጠሪያ የሰጠው የኤላን ሥፍራ ስም መሆኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ወደ አሬሮ ከመታጠፋችን በፊት ግን ለጥቂት ሰዓታት በዱብሉቅ በኩል ወደ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ጎራ እንበል።

አህያ የሚጠብቅበት ሐይቅ

ከዱብሉቅ በስተ ምሥራቅ ኤል ሶድ የሚባል መንደር አለ። በአማርኛ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጨው ቤት በሚለው ስሙ ነው። መንደሩ የተቀመጠው በጥንት እሳተ ገሞራ ምክንያት በተፈጠረ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ከሥሩ ጥቁር ሐይቅ ተኝቶ ታያላችሁ። ከሩቅ ሲታይ ውኃ ሳይሆን የተቃጠለ ዘይት ይመስላል። መንገዱ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቀጭን ቁልቁለት ነው። ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ለመውጣት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጉልበቱ ያልጠና ሰው ሳያስብበት ባይወርድ ይሻላል።

ከታች ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው ወደዚያ ጥቁር ውኃ ይገባሉ። ጆሮና አፍንጫቸውን በጭቃ ወይም በላስቲክ ይወትፋሉ፤ ጨዋማው ውኃ ከገባ ያቃጥላልና። በረጅም እንጨት ወለሉን እየወጉ፣ እየጠለቁ፣ ጥቁሩን የጨው ጭቃ በእጃቸው ያወጣሉ። ነጩ የጨው ፍሬ ለሰው ነው። ጥቁሩ ጭቃ ለከብት ነው። ዓይናቸው ይቀላል፣ ቆዳቸው ይደርቃል። ቢሆንም ነገ ይመለሳሉ።

በሐይቁ ዳር ደግሞ አህዮች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አህያው ወደ ውኃው አይገባም። ሰውየው ደግሞ ያወጣውን ጨው ተሸክሞ ያን አቀበት መውጣት አይችልም። አንዱ የማይችለውን ሌላው ይችላል። ሰውየው ከውኃው ሲወጣ አህያው ከቆመበት ቦታ አለ። ይጫናል፣ አቀበቱን ይጀምራል። ስንት ጊዜ የወጣበት መንገድ ስለሆነ ነጂው ከኋላ ቢዘገይ እንኳ መታጠፊያውን አይስትም።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለአህያ ደግ አይደለንም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እንላለን። «ለአህያ ማር አይጥማትም» እንላለን። ጨው ቤት አፋፍ ላይ ቆማችሁ ከታች እንደ ጉንዳን ተራ በተራ የሚወጡትን ስታዩ ግን ምሳሌያችንን መለስ ብላችሁ ማሰባችሁ አይቀርም። በዚያ መንደር የልጆች እንጀራ፣ የትምህርት ቤት ደብተር፣ የታማሚ መድኃኒት የሚወጣው በዚህ እንስሳ ጀርባ ላይ ተጭኖ ነው።

እውነቱን ግን ሸፍነን አናልፍም። እዚህም ሆነ በየከተማችን ጀርባው የተላጠ፣ ቁስሉ ላይ ደግሞ የሚጫንበት አህያ ይታያል። የባሕር ዳሩ ውሻ ሲደሰት ጅራቱን ይቆላል፣ ሲከፋው ያላዝናል። አህያ ግን ሲከብደውም ዝም ብሎ ይወጣል። ዝም የሚል ወዳጅ ያለው ሰው ደግሞ ቁስሉን ራሱ ፈልጎ ማየት አለበት። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ጻድቁን ከክፉው ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ሰው የገዛ እንስሳውን የሚይዝበት መንገድ መሆኑን እዚህ ላይ ማሰብ ተገቢ ነው። አስተዋይ ነጂ ከመጫኑ በፊት እጁን ከጭነቱ ሥር አስገብቶ ጀርባውን ይዳስሳል። ቁስል ካገኘም ያን ቀን ያሳርፈዋል፤ የዕለቱ ገቢ ቢቀርበትም።

ወደ አሬሮ ኤላዎች

ጥቁሩ ጨው ከአህያው ጀርባ ወርዶ በየገበያው ይሸጣል፤ በመጨረሻም የላም ምላስ ላይ ይደርሳል። ጨው የላሰች ላም ደግሞ ትጠማለች። ስለዚህ ጨውን ተከትለን ወደ ውኃው እንሂድ።

ቦረናዎች ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቻቸውን ቱላ ይሏቸዋል። በስም የታወቁት ዘጠኝ የጉድጓድ ሥፍራዎች ናቸው፤ ዱብሉቅ፣ መልባና፣ ጋዮ፣ ዳስ፣ ዋጪሌ ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። በየሥፍራው አንድ ሳይሆን በርከት ያሉ ኤላዎች ይገኛሉ። ዳስና ዋጪሌ ያሉት በዚሁ በአሬሮ ወገን ነው። እነዚህን ጉድጓዶች የቆፈሩት የቀድሞ ትውልዶች ናቸው። ዛሬ ያሉት ይጠርጓቸዋል፣ ይጠግኗቸዋል፣ ለልጆቻቸው ያስተላልፏቸዋል።

ኤላ ሲባል ገመድ የሚወርድበት ተራ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የምታገኙት መሬቱ ተቆፍሮ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ መተላለፊያ ነው። ከብቶቹ የሚገቡት በዚህ ነው። በወረዳችሁ መጠን በግራና በቀኝ ያለው የአፈር ግድግዳ ከራሳችሁ በላይ ይሆናል። ከመጨረሻው በጭቃ የተለሰነ ረጅም ገንዳ አለ። እውነተኛው ጉድጓድ የሚጀምረው ከገንዳው ኋላ ነው፤ አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ወጣቶቹ ከውኃው አፍ ጀምሮ እስከ ገንዳው ድረስ በእንጨትና በአለት መወጣጫዎች ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። ከታች ያለው በመያዣው ይቀዳና ወደ ላይ ይወረውራል፤ ከላይ ያለው ይቀበላል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ባዶው ደግሞ በዚያው እጅ ወደ ታች ይመለሳል። መያዣው በድሮ ጊዜ ከወፍራም ቆዳ ይሠራ ነበር። አሁን ብዙ ቦታ የፕላስቲክ ባልዲና የተቆረጠ ጀሪካን ተክቶታል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በደረቅ ወራት የቦረና ከብት ውኃ የሚያገኘው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ ሣሩ ከኤላው ሩቅ ስለሆነ በየቀኑ መመላለስ ከብቱን ይጨርሰዋልና። በሦስተኛው ቀን የመጣች ላም 30 ሊትር ብትጠጣ፣ 100 ከብት ያለው መንጋ 3,000 ሊትር ይፈልጋል። ባልዲው 5 ሊትር ቢይዝ 600 ባልዲ መውጣት አለበት። በሰልፉ ላይ 6 ሰው ቢቆም ደግሞ 3,600 ጊዜ መወርወርና መቀበል ነው። ይህ ለአንድ መንጋ ብቻ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ እንደገና ይጀመራል።

ሥራው ያለ ሥርዓት አይሠራም። በየኤላው አባ ሄሬጋ የሚባል የተራ አባት አለ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው፤ ተራውን የሚጥስ ይቀጣል። ውኃው በገንዘብ አይገዛም፤ የሚጠየቀው ጉልበት ነው። ሊያጠጣ የመጣ ሰው በሰልፉ ውስጥ ገብቶ ይሠራል ወይም ልጁን ያስገባል።

የተጠማ የሚሰማው ዜማ

ጎብኚዎች እነዚህን ጉድጓዶች «የሚዘምሩ ኤላዎች» ይሏቸዋል። የሚዘምሩት ግን ጉድጓዶቹ ሳይሆኑ በውስጣቸው ያሉት ወጣቶች ናቸው። ከታች ያለው ያወጣል፣ ከላይ ያሉት ይቀበሉታል። የዜማው ምት ሁሉንም እጅ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። አንዱ ቢዘገይ ባልዲው ይወድቃልና ዜማው ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። የሚዜመውም ስለ ከብቶቹ ነው፤ ስለ መልካቸው፣ ስለ ቀንዳቸው፣ ስለ ወተታቸው።

ከላይ፣ ከመተላለፊያው አፍ፣ ከብቶቹ ቆመው ይሰማሉ። የውኃው ሽታ ደርሷቸዋል፤ ሦስት ቀን የተጠማ እንስሳ ሽታውን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ የገጠር ልጅ ያውቃል። ሆኖም እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። እረኛው ከብቶቹን በመልካቸው በወጣላቸው ስም ያውቃቸዋል፤ እነሱም የእሱን ድምፅ ከሌላው ድምፅ ይለያሉ። የእነሱ ተራ ሲደርስ በቡድን በቡድን ይወርዳሉ፣ ጠጥተው ይወጣሉ፣ ለሌሎቹ ቦታ ይለቃሉ። በሰልፉ ላይ ያለው ወጣት ከጉድጓዱ ሆኖ ላሞቹን አያያቸውም፤ ላሞቹም አያዩትም። የሚያገናኛቸው ዜማው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ዜማ በማንኛውም ወር ሄዳችሁ አትሰሙትም። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ እነሱ ገና ይሉታል፣ ከልደት በዓል ጋር እንዳታምታቱት። አጭሩ ዝናብ ሐገያ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። ዝናብ ሲዘንብ ከብቱ በየሜዳው ከኩሬ ይጠጣል፤ ወደ ኤላው የሚወርድ የለም። ዜማው የሚጀምረው ኩሬው ሲደርቅ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ረጅሙ የበጋ ወራት በብርቱ ይሰማል። እንግዲህ ዜማው የጥጋብ ዜማ አይደለም። የሰውና የከብቱ ፍቅር በድምፅ የሚሰማው ጥም ሲመጣ ነው።

ባልና ሚስት የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ሳትረዱት አትቀሩም። ዝናብ በጣለ ጊዜ ማንም ከማንም ጋር መስሎ መኖር ይችላል። ኩሬው ሲደርቅ ማን ወደ ጉድጓዱ እንደሚወርድ ግን ቀድሞ አይታወቅም።

ገንዳ ዳር የተጀመሩ ሦስት ትዳሮች

መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡ ሁሉ የምታውቋቸው ሦስት ትዳሮች የተጀመሩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የርብቃ ነገር (ዘፍጥረት 24)፣ የያዕቆብና የራሔል ነገር (ዘፍጥረት 29)፣ የሙሴና የሲፓራ ነገር (ዘፀአት 2)። ሦስቱም ላይ ውኃ አለ፣ ሦስቱም ላይ የተጠማ እንስሳ አለ። የከተማ ልጆች ስንሆን ይህን እንደ ቀላል ነገር አንብበን እናልፈዋለን። ኤላ ያየ ሰው ግን አያልፈውም።

ርብቃ ያጠጣችው 10 ግመሎችን ነው። አንድ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። ከረጅም መንገድ የመጡት ግመሎች እያንዳንዳቸው 100 ሊትር ቢጠጡ 1,000 ሊትር ይሆናል። እንስራዋ 15 ሊትር ቢይዝ ወደ 70 ጊዜ ያህል መውረድና መውጣት ነበረባት። የእንግዳው ሎሌ ዝም ብሎ ይመለከታት የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል። ያዕቆብም ለራሔል በጎች ትልቁን ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ አንከባለለ። ሙሴም እረኞቹን ተከላክሎ ለልጃገረዶቹ መንጋ ውኃ ቀዳ።

ሦስቱም ሰዎች የታወቁት ማመስገን ለማይችል ፍጥረት በሠሩት ነው። ግመል አመሰግናለሁ አይልም። በግ ውለታ አይመልስም። ሰው ለእንዲህ ያለው ፍጥረት የሚያደርገው ነገር ታይቶ ልቡ ይመዘናል። በቦረናም እንዲሁ ነው፤ ጎበዝ የሚባለው ወጣት ከብቱን በሚገባ የሚያጠጣው ነው። ከብቱን በጥም ያስጮኸ ግን ስሙ ይጠፋል።

ሸክሙ ደግሞ የወንድ ብቻ አይደለም። ጥጆች ወደ ሩቁ ኤላ መሄድ ስለማይችሉ ከቤት ይቀራሉ፤ ውኃቸውን የምታመጣው ሴቲቱ ናት፤ በጀርባዋ ወይም በአህያ ጭና። ላሚቱን የምታልባት፣ የወተቱን ዕቃ ሠርታ በጭስ የምታጥነው እሷ ናት። ወጣቶቹ ወተት የማይሰጡትን ከብቶች ይዘው ለወራት ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄዱ (ይህን ፎራ ይሉታል) የሚታለቡት ላሞች ከእሷ ዘንድ ይቆያሉ። እሱ እናቲቱን ሲያጠጣ እሷ ልጅዋን ታጠጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ውል በወረቀት አልተጻፈም፤ አንደኛው ቢያቋርጥ ግን ወተት አይኖርም።

ዝም ያለው ኤላ

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይጥሉ ቀሩ። ሽማግሌዎች እንኳ በዕድሜያቸው ያላዩት ድርቅ ነበር። በደቡብና በምሥራቅ የአገራችን ቆላዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። ቦረና ከሁሉ ይልቅ ከተጎዱት አንዱ ነበር።

የዚያን ጊዜ ጉድጓዱ ብቻ ሊያድን አልቻለም። ውኃ ቢገኝ እንኳ ሣር አልነበረም። ሰዎች ከጎጆአቸው ክዳን ላይ ሣር እየመዘዙ ለላሞቻቸው ሰጡ። ጉልበቷ ያለቀ ላም ከተኛች በራሷ መነሣት ስለማትችል፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በማለዳ ከሆዷና ከጭራዋ ደግፎ ያቆማታል። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ቀን ግን ቆማ አትቆይም። ለልጅ የታሰበው ጥሬ ለላም የተሰጠበት ቤት ብዙ ነው፤ ላሚቱ ከሞተች ልጁም ወተት የለውምና። በዱብሉቅ አጠገብ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከብታቸውን ሁሉ አጥተው በመጠለያ ተሰበሰቡ።

በዝናብ ወራት ኤላው ዝም ሲል ደስታ ነው፤ ከብቱ ሜዳ ላይ ጠግቦ ይጠጣልና። የሚያጠጣው ከብት የሌለው ሰው ኤላ ዝም ሲል ግን ሌላ ነው። የጠፋው የገንዘብ ምንጭ ብቻ አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በስም እየጠራ፣ እያዜመ ያሳደገው ፍጥረት ድምፁን የሚሰማበት ጆሮ ጠፋ ማለት ነው። በመጠለያ የተቀመጡ አባቶች ላምና ወይፈናቸውን አንድ በአንድ በመልካቸው እየቆጠሩ ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ ስለ ንብረት ሳይሆን ስለ ዘመድ እንደሚያወሩ ይገባዋል።

በ2015 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ዝናቡ ተመለሰ። ሣሩ በሳምንታት ውስጥ በቀለ። መንጋ ግን እንደ ሣር አይበቅልም። ጥጃ አድጋ ወልዳ ወተት እስክትሰጥ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ብዙዎች በጥቂት ፍየሎች፣ አንዳንዶቹም ዘመድ በሰጣቸው አንዲት ጊደር ጀምረዋል። ቦረና ከብቱን ያጣ ወገኑን ከየመንጋው አዋጥቶ የማቋቋም የቆየ ልማድ አለው። ድርቁ ሁሉን በአንድ ላይ ሲመታ ግን ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሆኑ። ጠባሳው ገና አልጠፋም።

ሞተር ሲመጣ

ዛሬ በብዙ ሥፍራ ጥልቅ ጉድጓድ በማሽን ተቆፍሮ ውኃው በሞተር ይወጣል። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲያይ «ዜማው ሊጠፋ ነው» ብሎ ያዝናል። ውድ አንባቢያን፣ ለፎቶግራፋችን ብለን የሰው ልጅ 30 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ባልዲ ሲወረውር እንዲኖር መመኘት የለብንም። መወጣጫው ሲንሸራተት ይወድቃሉ፣ ግድግዳው ሲናድ ይሞታሉ። ሴት ልጅ በአህያ ውኃ ስታመላልስ የቀረችበት ትምህርት የሚመለሰው ውኃው ሲቀርብ ነው።

ሆኖም አሮጌው ኤላ ሞተሩ የማይሰጠውን ነገር ያስተምራል። ሞተር ሲበላሽ ወይም ነዳጅ ሲያልቅ ሰዎች ወደ ሰልፋቸው ይመለሳሉ፤ ያኔ የሚያስፈልገው አብሮ የመሥራት ልማድ ነው። የተራው ሥርዓትም ሞተር ላለው ውኃ ያስፈልጋል። ውኃው ቢቀልም ከብቱን የሚያውቀው ሰው ሊኖር ይገባል።

ለመሄድ ለምታስቡ

ዜማውን ለመስማት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሄድ ይሻላል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታና ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች ጠይቁ። የመጠጥ ውኃችሁን ከከተማ ይዛችሁ ውረዱ፤ ውኃ በሦስት ቀን ከሚጠጣ ከብት ላይ የእንግዳ ድርሻ አይወሰድም። ኤላው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ አባ ሄሬጋውን አግኙና ሰላምታ ስጡ። በቦረና ሰላምታ ችኮላ የለውም፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል። እናንተም ጠይቁ።

በኤላውም ሆነ በጨው ሐይቁ የሚሠሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ልብሳቸውን አውልቀው ነው። ያለ ፈቃድ ካሜራ አታውጡ። የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ካለ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በልጆች እጅ ላይ ሳንቲም አትበትኑ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ፣ ከተፈቀደላችሁ ከሰልፉ ጫፍ ገብታችሁ ጥቂት ባልዲ መቀበል ነው። አሥሩን ሳትጨርሱ ክንዳችሁ ይዝላል። ያን ጊዜ 600 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ጌታችን በሰንበት ስለ መፈወስ በተከሰሰ ጊዜ የመለሰው መልስ ከዚህ ገንዳ ጋር ይገናኛል (ሉቃስ 13)። በዓሉን ከማንም በላይ የሚያከብሩት ሰዎች እንኳ በሬያቸውንና አህያቸውን ፈትተው ወደ ውኃ ከመውሰድ እንደማይቦዝኑ አስታወሳቸው። ስለዚያ ሥራ ማንም አይከራከርም ነበር። የተጠማ እንስሳ ቀን አይመርጥም፤ የሚወደው ሰውም አይመርጥም።

እንግዲህ ከአሬሮ ስትመለሱ ይዛችሁት የምትሄዱት ከፎቶግራፍ የበለጠ ነገር ይኑር። በግቢያችሁ የታሰረ ውሻ ካለ ሳህኑ ውስጥ ውኃ መኖሩን ተመልከቱ። በሰፈራችሁ ሲሚንቶ የሚሸከም አህያ ካለ ባለቤቱን በደግ ቃል ስለ ጀርባው አነጋግሩት። በቤታችሁም ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው ካለ፣ ሳይናገር ቀድማችሁ ጠይቁት። መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።